ስለ ቁልፍ ቃላቱ የቀረበ የእፍረት ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኤፍራይን ቪንቲሚያ
የሳን ኢላሪዮን ከተማ የውኃና ፍሳሽ ድርጅት የሰው ኃይል ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ ክቡርነትዎን፣ የተከበረ ቤተሰብዎን፣ የጽሕፈት ቤትዎን ባልደረቦችና ከሁሉም በላይ ያለ ምሳና ያለ እረፍት የሚደክመውን የማመልከቻ ማጣሪያ ኮምፒዩተርዎን በፍጹም ጤንነት ታገኛችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ሥራ እንደማያስችልዎ ስለማውቅ ራሴው ልንገርዎ፤ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ እሱም ከእፍረት የመጣ ስለሆነ ሐኪም የሚያዝለት ነገር የለም።

ስሜ ባልቢና ቴኔሳካ ይባላል። ከከተማዎ በላይ፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ሥር ያለችው የቻካፓምባ ልጅ ነኝ። ኩዌንካ ከተማ ወርጄ የውኃ ምህንድስና ተምሬ ተመርቄአለሁ፤ ከተመረቅሁ ወዲህም በየቦታው ጥቃቅን ሥራ እየለቀምሁ የአባቴን ድንች እበላለሁ። ክቡርነትዎ በስሜ ላያውቁኝ ስለሚችሉ ማጣሪያዎ በሚያውቀኝ ስም ላስተዋውቅ፤ ከመቶ ዘጠና ስድስት ያገኘሁት አመልካች ነኝ።

ድርጅትዎ በየተራራው ያሉ መንደሮች በገዛ ጉልበታቸው የዘረጓቸውን የውኃ መስመሮች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሊረከብ ነው፤ ለዚህም አንድ የገጠር ውኃ መሐንዲስ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቷል። የትኛው መስመር ቀድሞ እንደሚጠገን፣ ለየትኛው መንደር ምን ያህል ውኃ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ይኸው ሰው ነው። የመንደሬ ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በእግሩ የሚያውቅ ሰው እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ፤ እኔም ያ ሰው መሆን ፈለግሁ። ስለ መንደሩ ብዬ ብቻም አይደለም፤ ለራሴም ፈልጌው ነበር፣ አሁንም እፈልገዋለሁ። ማመልከቻዬ በደንባችሁ መሠረት አደባባይ ስለወጣ ምስጋናዬም በአደባባይ ቢሆን አግባብ መስሎኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጻፍሁ።

አንደኛ። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ስለጣሉበት ፍጥነት ከልብ አመሰግናለሁ። የከተማ መሥሪያ ቤት ጉዳይ በቀጠሮ ብዛት ያሰለቻል የሚሉ ወሬኞች አሉ፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ ስልኬን ኪሴ ሳልመልስ ነው መልሱ የደረሰኝ። የጻፍሁት በቤታችን ወግ ነበር፤ የቻካፓምባን ውኃ ከምንጩ እስከ ደጃፋችን በደቦ እንዳወረድን፣ የከፍታ ልኬቱንና የቧንቧውን ውፍረት ስሌት እኔ እንደሠራሁ፣ የቀረውን ሁላችንም እንደሠራነው። ማጣሪያዎም በማስታወቂያው ላይ ከተዘረዘሩት ቁልፍ ቃላት አንድም እንዳላገኘብኝ፣ ለወደፊቱም መልካም ዕድል እንደሚመኝልኝ አስታወቀኝ። በደቦ የተሠራን ሥራ እኔ መራሁት ብሎ የሚያወራ ሰው በኛ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ማጣሪያው አያውቅም፤ እኔም ስድቡን ለክቡርነትዎ በጽሑፍ ማስፈር ነውር ስለሆነብኝ አልፈዋለሁ።

ሁለተኛ። ለሥራ ፈላጊ መሐንዲሶች በነጻ ስለሰጡት ሥልጠና አመሰግናለሁ። ቁልፍ ቃላትን በአግባቡ ስለ መጠቀም በዚያች ጠባብ አዳራሽ የተናገሩትን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። ቁልፍ ቃል እንደ ጨው ነው፣ ከጎደለ ምግቡ አይበላም፣ ከበዛም አይበላም ብለዋል። ከማስታወቂያው ላይ ቃሉን እንዳለ ውሰዱ፣ ግን የሠራችሁትን ብቻ፤ ቃሉን ብቻውን አትደርድሩት፣ ከሥራው አጠገብ አቁሙት፤ ማጣሪያውን ለማታለል በነጭ ቀለም ቃል የምትደብቁ እንዳላችሁ እናውቃለንና ተዉ ብለዋል። ይህን የምጠቅሰው ለአሽሙር አይደለም። ምክሩ ጥሩ ምክር ነው፤ የጠፋሁት ምክርዎን አልሰማ ብዬ ሳይሆን ሰምቼ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ረዳትዎ ወይዘሪት ፓውሊና ወረቀቴን እንድታይልኝ ተሰለፍሁ። ልጅቷ ቅን ናት፤ በእውነት ልትረዳኝ ነው የፈለገችው፣ እባክዎን አይቆጧት። ወረቀቴን አየችና፣ «ውይ የኔ እህት! አወረድን፣ ቆፈርን፣ ዘረጋን… ማንን ነው የሚቀጥሩት፣ መንደሩን?» አለችኝ።

«በደቦ ስለሆነ ነው» አልኋት።

«እሱን ተዪው፣ ማጣሪያው ደቦ የሚባል አያውቅም። መራሁ በይ።»

«አልመራሁም እኮ።»

«ልኬቱን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ሰዉ አንቺ በለካሽው ነው የቆፈረው ወይስ በገዛ ዓይኑ?»

«እኔ በለካሁት።»

«ታዲያ ምን ትሽኮረመሚያለሽ? መርተሻላ! ጻፊ።»

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ማስታወቂያውን ከፊቴ ዘርግቼ እያንዳንዱን ቃል ከአንድ እውነተኛ ሥራ አጠገብ አቆምሁ። የውኃ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ማማ ካርሜላ ገና ሳይነጋ ኮረብታው ላይ ወጥተው የበሬ ቀንድ ይነፋሉ፤ በቀንዱ ያልተነሣውን ቤቱ ገብተው ብርድ ልብሱን ገፈው ያስነሡታል። ይህን የማኅበረሰብ ንቅናቄና የባለድርሻ አካላት አስተዳደር አልሁት። ሴቶቹ በጀርባቸው እያዘሉ ተራራ የሚያወጡትን የበቆሎ ንፍሮና ቺቻ የምንለውን የበቆሎ ጠላ የአቅርቦት ሰንሰለት አልሁት። ሴጉንዶና ፌርሚን የሚባሉ ጎረቤታሞች ቧንቧው በማን ድንች ማሳ ይለፍ ብለው ዶማ ተማዘው ነበር፤ እናቴ ሁለቱን ባንድ ሳህን ምግብ ዙሪያ አስቀምጣ፣ ማንኪያ አንድ ብቻ ሰጥታ፣ እስኪስቁ ድረስ ሁለተኛውን ከልክላ ነው ያስታረቀቻቸው። ይህንንም የግጭት አፈታት ስልት ብዬ በስሜ መዘገብሁት። ከዚያ ትልቁን ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ፤ ከአንድ መቶ ሰማንያ በላይ የሰው ኃይል መራሁ፣ አሰማራሁ፣ ተቆጣጠርሁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተሠራ ሥራ አንድም አልነበረም። ማንም ባልሠራው ሥራ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! የሌለ ድልድይ ገነባሁ የሚል ሰው ከሌለ ድልድይ ጋር ብቻ ነው የሚጣላው። እኔ የጻፍሁት በሙሉ በእርግጥ ተሠርቷል፣ የሠሩትም ሰዎች በሕይወት አሉ፣ አብዛኞቹም ዘመዶቼ ናቸው። ማጣሪያዎ ግን ደስ ብሎት ዘጠና ስድስት ሰጠኝ። እኔም፣ አልደብቅዎትም፣ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው፤ ብዕሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ወደ አራተኛው ልሻገርና ድፍረቱ ሲመጣልኝ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ስለ ሕዝብ አስተያየት ደንባችሁ አመሰግናለሁ። ማጣሪያውን ያለፈ አመልካች ማመልከቻው ሥራውን ሠራሁበት ወዳለው ቦታ ተልኮ በሕዝብ ፊት እንዲነበብና ተቃውሞ ያለው ሁሉ ተቃውሞውን እንዲያቀርብ የሚያዘው ይህ ደንብ በአገራችን ካሉት ደንቦች ሁሉ የሚመሰገን ነው። ደንቡ እንዳለ አውቅ ነበር። ግን ብዙ ደንብ እንዳለ እናውቃለን፤ ይፈጸማል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው? ድርጅትዎ ከደንቦቹ ሁሉ መርጦ ይህን አንዱን በታማኝነት ስለፈጸመ ያለኝን አድናቆት ልደብቀው አልችልም።

ወረቀቱ ለእሑድ ጉባኤ ደረሰ። የመንደሩ ጸሐፊ ኔስቶር ቆሞ በከፍተኛ ድምፅ ማንበብ ሲጀምር እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ሱፍ እፈትል ነበር። የልደቴን ቀን አነበበ፣ ትምህርቴን አነበበ፤ ሰዉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ «ከአንድ መቶ ሰማንያ በላይ የሰው ኃይል መራሁ፣ አሰማራሁ፣ ተቆጣጠርሁ» የሚለው ላይ ደረሰ። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

«ማነው የመራው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ባልቢና ነቻ፣ አልሰማህም?»

«እኔ ያኔ የት ነበርኩ ታዲያ?»

«አንተማ የሰው ኃይል ነበርክ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴጉንዶ ተነሥቶ ወገቡን ይዞ፣ «ለካ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ተሰማርቼ ነው! እኔ እኮ ብርድ መስሎኝ በቅጠል ስታሽ ከረምኩ» አለ። ማማ ካርሜላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ባለድርሻ አካል የሚለው እኔን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ ማማ» አልኋቸው በቀስታ። «እሰየው፣ ባረጀሁ ጊዜ አካል አገኘሁ» አሉ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርሁ፤ ሰው በራሱ ላይ ሲሳቅ አብሮ ከሳቀ ነገሩ ይቀልለታል ብዬ።

ከዚያ የአባቴ ታላቅ ወንድም ታይታ ሎሬንሶ፣ በእናንተ አነጋገር አባባ ሎሬንሶ፣ ተነሡ። ታይታ ሎሬንሶ ቧንቧውን በትከሻቸው ካወጡት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ የተወለዱት መሬታችን ሁሉ የአንድ ጌታ በነበረበት ዘመን፣ ከጭሰኛ አባትና ከጭሰኛ እናት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በቀር በየትም ቦታ የማያወልቁትን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙና አንገታቸውን ደፍተው፣ «እመቤቴ፣ ነገ ወዴት እንድንሰማራ ያዛሉ?» አሉኝ።

ሳቁ እዚያው ቆመ። በሸለቋችን ይህን ያህል ሰው አሰማራሁ ብሎ የተናገረ የመጨረሻው ሰው ያ ባለርስት ጌታ ነበር፤ በፈረስ ሆኖ፣ ማለዳ ማለዳ። ቃሉን እኔ አልፈጠርሁትም፣ ከማስታወቂያችሁ ላይ ነው የወሰድሁት። የተናገረው አፍ ግን የኔ ነው። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ኋላ አልዞረም።

አምስተኛ። ማጣሪያዎ አድሎ የማያውቅ መሆኑን ስላስመሰከረ አመሰግናለሁ። ጉባኤው ተቃውሞ ጻፈ፤ በክፋት አይደለም። ሥራውን እንዳገኝ ከኔ ይልቅ እነሱ ይፈልጋሉ፤ የፈለጉት ወረቀቱ እንዲታረም ብቻ ነበር። የተቃውሞው መጀመሪያ፣ «ባልቢና ልጃችን ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ቅጠሯት» ይላል። ከዚያ ኔስቶር እንደ ልማዱ በጥንቃቄ እያንዳንዱን ነጥብ እየጠቀሰ መልስ ሰጥቷል። የማኅበረሰብ ንቅናቄን በተመለከተ ንቅናቄውን ያንቀሳቀሱት ማማ ካርሜላ እንጂ ባልቢና አለመሆኗን፤ የባለድርሻ አካላት አስተዳደርን በተመለከተ አካላቱን ከአልጋቸው ያስተዳደሯቸው ማማ ካርሜላ መሆናቸውን፤ የአቅርቦት ሰንሰለቱን፣ የሰው ኃይል ስምሪቱን፣ ክትትልና ቁጥጥሩን ሁሉ እየደጋገመ። ማማ ካርሜላም እንደ ሊቀመንበርነታቸው ፈረሙበት፣ ስልካቸውንም አስጻፉበትና ወረቀቱ ድርጅታችሁ በሰጠን አድራሻ ተላከ።

አድራሻው ለካ የማጣሪያው ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ቁልፍ ቃል ካለበት ወረቀት ሥር የፈረመውን ሁሉ አመልካች ነው የሚለው። በማግስቱ በማማ ካርሜላ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ከመቶ መቶ አግኝተው የገጠር ውኃ መሐንዲስነት ውድድርን በአንደኝነት ስለመሩ ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል ይላል። ለኔም ሁለተኛ መውጣቴንና አብሬ መጠራቴን የሚገልጽ መልእክት መጣልኝ። ክቡር ዳይሬክተር፣ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ፤ በራሴ ላይ በቀረበ ተቃውሞ ስሸነፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለወይዘሪት ፓውሊና ደወልሁ። «ማጣሪያው አይሳሳትም» አለችኝ፤ «ምናልባት ልምዳቸው ካንቺ በልጦ ይሆናል።» እውነትሽን ነው አልኋትና ስልኩን ዘጋሁ። ማማ ካርሜላ ደግሞ መልእክቱን አስነብበው ከሰሙ በኋላ፣ «ሥራው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ላሞቼን ሳላልብ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ። እፍረት እንደ ቁስል ነው፣ ሲነካኩት እንጂ ሲሸፍኑት አይድንም ይሉኛል፤ እንዲህ የሚሉት ግን ሁልጊዜ ቁስሉ የሌለባቸው ናቸው።

ሦስተኛ። ከጉባኤው በኋላ ባለው ቅዳሜ ደቦ ነበር። ዝናቡ ከተራራው ያወረደው ደለል የምንጩን መጥለፊያ ሞልቶት ውኃው ደፍርሶ ስለ ነበር ሁሉም ወጣ፤ እኔም ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ኔስቶር እንደ ወትሮው ስም እየጠራ ሰዉ «አለሁ» እያለ ይመልሳል። ቤተሰባችን ጋ ሲደርስ የአባቴን ስም ጠራ፤ አባቴ አለሁ አለ። ከአባቴ ቀጥሎ የሚጠራው የኔ ስም ነው። ኔስቶር የታናሽ እህቴን ስም ጠራ። ተሳስቶ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እስከ መጨረሻው ጠርቶ ጨረሰ፣ አልተጠራሁም።

ግድ የለም ብዬ ደለሉ ውስጥ ገብቼ መቆፈር ስጀምር የአክስቴ ልጅ ሉዝሚላ መጥታ ዶማውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። ሉዝሚላና እኔ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደግነው፤ ስትቆጣኝ ፀጉሬን ትነጫለች፣ ስታዝንልኝ ደግሞ ከራሷ አፍ ታጎርሰኛለች። «ይተዉት ኢንጂነር፣ እርስዎ ምን በወጣዎት?» አለችኝ። እርስዎ! ለካ ወንበር አምጥተውልኛል። የጉባኤ ቤቱን የፕላስቲክ ወንበር ከመንደሩ ተሸክመው ያን ሁሉ ዳገት አውጥተው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አስተካክለው አኑረው፣ ፖንቾ የምንለውን የሱፍ ካባ አልብሰውታል። ተቀመጡ አሉኝ። ምን ላድርግ? ተቀመጥሁ።

ቀኑን ሙሉ እነሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲቆፍሩ ተቀምጬ አየሁ። ምሳ ሲደርስ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ ንፍሮው፣ ድንቹ፣ ባቄላው ከየአገልግሉ ተገልብጦ ሁሉም ከአንዱ ላይ በላ። ለኔ ብቻዬን ሳህን መጣልኝ፤ የተጠበሰ ሥጋ ያለበት፣ ከሹካ ጋር። «ይብሉልን እንጂ፣ ምነው አነሰብዎት?» ይሉኛል በየተራ እየመጡ። አንድም የሰደበኝ የለም፣ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆፈረ። ማታ ስንወርድ ወንበሩን እንኳ ልሸከም ብል አልፈቀዱልኝም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ አክብሮት ሰውን እንዴት አድርጎ በጥፊ እንደሚመታ ያን ቀን ነው የተማርሁት። ይህን ደብዳቤ በዚህ ሁሉ ትሕትና የጻፍሁልዎትም ከዚያ ትምህርት በኋላ ስለሆነ ነው።

ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ለማላከክ አይደለም። ማጣሪያው እጄን ይዞ አላጻፈኝም፣ ወይዘሪት ፓውሊናም በጠመንጃ አላስገደደችኝም። ዓይኔ ሥራውን ፈልጎ ነበርና ቃሉ ጥሩ መሰለኝ፤ ከጻፍሁት በኋላም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ። ታይታ ሎሬንሶ ባርኔጣቸውን እስኪያወልቁ ድረስ በእርግጥ የመራሁ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሥልጠናዎ አንድ ነገር እንዲጨምሩ በትሕትና እለምናለሁ። መሐንዲሱ ቃሉን በሦስት ፈታኞች ፊት መከራከሪያ ካገኘለት ይጻፈው ብለው አስተምረውናል። በሦስት ፈታኞች ፊት የማይቆም ቃል የለም፤ ፈታኞቹ እዚያ አልነበሩምና። ቃሉን መጀመሪያ የቧንቧውን ሌላ ጫፍ ይዞ ለነበረው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለት። ሰውየው ዝም ብሎ ከሰማው ይጻፈው። ከሳቀ ይሰርዘው። ከዚያ የባሰ ነገር ካደረገ ወረቀቱን ቀድዶ እንደ አዲስ ይጀምር።

እኔም እንደ አዲስ ጀምሬ አዲሱን ማመልከቻዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቁልፍ ቃላቱን በምክርዎ መሠረት ከሥራዬ አጠገብ አቁሜአቸዋለሁ። የከፍታ ልኬት፣ የግፊት ስሌት፣ የመጥለፊያና የማጠራቀሚያ ንድፍ፤ እነዚህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አልስትም፣ በዚህ አላፍርም። ማኅበረሰብ ማንቀሳቀስ በሚለው ላይ ግን ማማ ካርሜላ ይሠሩታል፣ እኔ ሲጠሩኝ እመጣለሁ ብያለሁ። ጠብ ማብረድ በሚለው ላይ እናቴ ታውቅበታለች፣ እየተማርሁ ነው ብያለሁ። ማጣሪያዎ ለዚህ ሠላሳም የሚሰጠኝ አይመስለኝም። በድርጅትዎ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ያንብብልኝ። ከሌለ ዘጠና ስድስቱን መልሼልዎታለሁ፤ ለሚፈልገው ይስጡልኝ።

ሥራውን አልፈልገውም ብዬ አልኮራብዎትም። እፈልገዋለሁ። በአባቴ ፊት ደመወዝ የሚባል ነገር ይዤ መግባት እፈልጋለሁ፣ የኛን መስመር የሚያውቅ ሰው እዚያ ሳይኖር የውኃው መክፈቻ ቫልቭ በማንም እጅ እንዲገባም አልፈልግም። ነገር ግን ማጣሪያዎ የመረጠው የቃለ መጠይቅ ቀን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደለሉ ገና አላለቀምና ደቦውም ያን ዕለት ነው። ሁለቱ ቦታ ላይ መገኘት አልችልም፤ አስቤበት ስለጨረስሁ ክቡርነትዎ እንዳይጠብቁኝ። ቅዳሜ ተራራው ላይ ነኝ። ኔስቶር የአባቴን ስም ይጠራል፣ አባቴ አለሁ ይላል፤ ከዚያ የእህቴን ስም ከመጥራቱ በፊት፣ ማንም ባይጠራኝ፣ አለሁ እላለሁ።

የማመልከቻዬን ጉዳይ ከማጣሪያ ወደ ማጣሪያ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ያሳልፉልኝ ዘንድ አንገቴን ደፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ገናም ጎንበስ ብዬ በመለመን፣ የማይገባኝን ከፍተኛ ነጥብ ስለሰጡኝና የሚገባኝን እፍረት በአደባባይ ስላስነበቡልኝ ውለታዎን ሳልረሳ የምኖር፣ ማንንም ያልመራሁ ታዛዥዎ፣

ባልቢና ቴኔሳካ
መሐንዲስ
ቻካፓምባ

ግልባጭ፦
ለቻካፓምባ ጉባኤ፤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለማመልከቻ ማጣሪያው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቁልፍ ቃላቱ በሙሉ ስለሚገኙ እንደ ማመልከቻ ቆጥሮ ለቃለ መጠይቅ እንዳይጠራብን

ማስታወሻ፦ የውድድሩ አንደኛ ማማ ካርሜላም ቅዳሜ ቀንድ ስለሚነፉ ወደ ከተማ እንደማይወርዱ እንድነግርዎ አዝዘውኛል። አንደኛዋም ሁለተኛዋም ተወዳዳሪ ተራራው ላይ ስለሆንን ፈታኞቹን አስከትለው ቢመጡ ሁለታችንንም ባንድ ላይ ያገኙናል። ዶማ ይዤ ልምጣ ብለው እንዳይቸገሩ፤ ለእርስዎ ወንበር አለን።